ቀይ መብራት ሲበራ የሚጠፋው ዥ

በአንባቢነት የተቀጠርኩ ዕለት ዋና አዘጋጁ አቶ ይርጋ አንድ ወረቀት ሰጡኝና ስቱዲዮ አስገቡኝ። ስቱዲዮ የምንለው ጣቢያችን ሰቆጣ ላይ የተከራየው ቤት የጓዳ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶንና በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀይ አምፖል አለች። እሷ ስትበራ ማይክሮፎኑ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ አይሳልም፣ ወንበር አይጎተትም፣ ወረቀት አይንኮሻኮሽም።

መብራቷ በራች። እኔም አነበብኩ፦ «ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልዦች የሚሰጠው ክትባት ነገ ይዠመራል።»

አቶ ይርጋ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ሆነው እጃቸውን አነሱ። መብራቷ ጠፋች።

«ልዦች እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«ሕፃናት ናቸዋ» አልኩ።

«ጥሩወርቅ፣ ልዥ የሚባል ፍጡር የለም። ልጅ ነው። ክትባቱም አይዠመርም፤ ይጀመራል።»

እኔ ከሰቆጣ ወጣ ያለው የደሃና ወረዳ ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር ልጅ ልዥ ነው፤ እጅ እዥ ነው፤ ጅብ ዥብ ነው። ዥቡም በዚህ ስሙ ሲጠራ ቅር ብሎት አያውቅም። አቶ ይርጋ ግን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ለቋንቋ የሚቆረቆሩ ሰው ነበሩ። «አድማጭ ራዲዮ የሚከፍተው ጎረቤቱን ለመስማት አይደለም» አሉኝ። ለእኔ ሌላ ለምን እንደሚከፍተው አልገባኝም ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ «እሺ» አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ምላስ ግን ትእዛዝ ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ዜናው ተተይቦ እጄ ሲገባ በእርሳስ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ አንድ ጭረት፣ ዐረፍተ ነገሩ የሚያልቅበት ላይ ሁለት ጭረት አደርጋለሁ። ይህን ሁሉም አንባቢ ያደርገዋል። እኔ ከዚያ ላይ በየ«ጀ»ው፣ በየ«ጁ»ው፣ በየ«ጅ»ው ዙሪያ ክብ እጨምር ነበር። ስለ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያወራ ዜና የመጣ ቀን ወረቀቴ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል።

እያደር ክቡ ቀረ። ምላሴ ለመደ፤ ግን የለመደው በራሱ መንገድ ነው። ገበያ ወርጄ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር ስከራከር እንደ ድሮዬ ነኝ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቀዩ መብራት ሲበራ አንድም ዥ ከአፌ አይወጣም። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ይመለሳል። እኔ ራሴ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር፤ ያስተዋለው ቴክኒሽያናችን ሙባረክ ነው።

ሙባረክ አባቱ ገበያው ዳር ካለቻቸው የራዲዮና የስልክ ሱቅ ውስጥ፣ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ ወጣት ነው። ሚክሰሩን እሱ ይዟል፤ ድምፄን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ መብራቷን የሚያበራው እሱ ነው። አንድ ቀን ኸድፎኑን ከጆሮው አውርዶ «እትዬ ጥሩ፣ ይቺ አምፖል ከእርስዎ ምላስ ጋር በሽቦ ተያይዛለች መሰለኝ» አለኝ። ሳቅን። ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ያላሳቀኝ የእህቴ የብርቄ ነገር ነው። ብርቄ ደሃና ናት፤ እርሻ ላይ። አንዲት ትንሽ ራዲዮ ገዝቼ ላክሁላትና ስንገናኝ «ሰማሽኝ?» አልኳት።

«አንዲት ሴትዮ ሰማን» አለች። «ስሟ እንዳንቺው ጥሩወርቅ ነው። የማን ልዥ ትሆን?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ብርቄ።»

«አንቺማ እንደሱ አትናገሪም» ብላ ሳቀች። ከተማ ገብቼ መቀለድ የለመድኩ መሰላት። ብምልላትም አላመነችም። በየዓመቱ ስሄድ «ያቺ ሞክሼሽ ደህና ናት?» ትለኛለች፤ እኔም ደህና ናት እላለሁ። ደስ አይልም። የገዛ እህቴ በየቀኑ እየሰማችኝ አታውቀኝም ነበር።

እንዲህ እያልኩ ከጀማሪ አንባቢነት አንባቢ፣ ከአንባቢነትም ከፍተኛ አንባቢ ሆንኩ። ሥራው ከውጭ እንደሚመስለው ዜና ማንበብ ብቻ አይደለም። የጠፋ በቅሎ፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ የእንስሳት ክትባት፣ የማዳበሪያ መድረስ፣ ሁሉም በአንባቢው አፍ ነው የሚያልፈው። አበርገሌ ውስጥ ያለች የአንዲት ጎጥ ስም ከተሳሳተ ለቀስተኛ ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። በነዚህ ስሞች ጉዳይ ግን አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም። ስብሰባ የተጠራው በሌላ ቃል ነው።

ነገሩ የጀመረው የበላይ መሥሪያ ቤታችን ገምጋሚ እንደሚልክ በተነገረን ሰሞን ነው። ግምገማውን ያለፈ አንባቢ ይቀጥላል። ያላለፈ ወደ ማስታወቂያ መቀበያው መስኮት ይዛወራል፤ የአማርኛው ዜናም ከላይ እየተላለፈ እኛ ማስተጋባት ብቻ ይሆናል ሥራችን። ጣቢያው ያለው የአማርኛ ዜና አንባቢ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ መቀመጥም ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ግን እኔ የምችለውና የምወደው ማንበብ ነው። ወንበሬን እንዳላጣ በጣም ፈራሁ።

«ገምጋሚዋ በውጭ ቃላት አነባበብ ላይ ጥብቅ ናቸው» የሚል ወሬም ቀድሟቸው ደረሰ። አቶ ይርጋ ይህን እንደሰሙ እንቅልፍ አጡ። ወቅቱ ፈረንጆቹ በበረዶ ላይ የሚወዳደሩበት የክረምት ኦሊምፒክ ሰሞን ነው። የስፖርት ዜናችን ከእንግሊዝኛ ነው የሚተረጎመው። ስኪውን «የበረዶ ሸርተቴ» ብለን ተገላገልን። አንዱ ውድድር ግን በአራት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ እንዴት እንደሚነበብ ሳይታወቅ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ።

ስብሰባ ተቀመጥን። እኔ «ሉጌ» አልኩ። በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ዜና የሚያነቡት አቶ ካሳ «ሉግ» አሉ። አቶ ይርጋ ሁለታችንንም በሐዘን ተመልክተው «ሉጅ ነው» አሉ። ሙባረክ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ግቢው ጥግ ሄደና ጥቂት ቆይቶ መጣ። አንዲት የእንግሊዝ ሴት ቃሉን ስትጠራ ቀድቷል። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጦ ተጫነው።

«ሉዥ» አለች ሴትየዋ።

አቶ ይርጋ ድገመው አሉ። ደገመው። ሴትየዋ ምንም ሳታፍር «ሉዥ» አለች።

«ሉ… ጅ» አሉ አቶ ይርጋ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሉ… ሽ» አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ ሙባረክ ገፋ አድርገው «እንደ ስልኩ ይነበባል» ብለው ወሰኑ።

«ዥ ነው ማለት ነው፣ አቶ ይርጋ?» አልኩ።

«ዥ ነው።»

«ዥ አይባልም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«እሱ ሌላ ነው» አሉ። «ይሄ እንግሊዝኛ ነው።»

«እንግሊዞቹም ከፈረንሳይ ነው የወሰዱት ይላል» አለ ሙባረክ ስልኩን እያየ።

«እንግዲያው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል» አሉ አቶ ይርጋ።

እስካሁን ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የጠየቁት አቶ ካሳ ናቸው። «ቆዩ እስቲ፣ እኔ ለሕዝብ ማስረዳት አለብኝ። ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ሰውየው ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ላይ በጀርባው ይተኛል» አለ ሙባረክ። «እግሩን አስቀድሞ በበረዶ ላይ ቁልቁል ይወርዳል።»

«በፈቃዱ?»

«በፈቃዱ።»

አቶ ካሳ ትንሽ አሰቡ። በእኛ አገር በረዶ የሚታወቀው ገብስ ሲያወድም ነው፤ በጀርባው የተኛበት ሰው አልታየም። «መቼም ከወረዱ አይቀር ማን እንደቀደመ ንገረኝ» አሉና አሸናፊውን ጠይቀው ተነሡ። በኽምጣና ያስተላለፉትን በኋላ ተረጎሙልኝ፦ በፈረንጅ አገር አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ በበረዶ ቁልቁል ወረደ፤ ከሁሉም ቀድሞ ስለደረሰ ሸለሙት። በቃ። ቃሉን አልጠሩትም፤ ማንም እንዲጠሩት አልጠየቃቸውም። ገምጋሚዋ ኽምጣና ስለማይችሉ እሳቸው አይገመገሙም።

እኔም እንደ አቶ ካሳ ልበለው ብዬ ለመንኩ። «አይሆንም» አሉ አቶ ይርጋ። «ገምጋሚዋ የሚጠብቁት ቃሉን ነው።»

ለማያውቅ ልንገር፤ ቃሉ ራሱ ከባድ አይደለም። ሉ ትንሽ ረዘም ይላል። ከዚያ ምላስ ወደ ላንቃ ይጠጋል፤ ነገር ግን አይነካም። ነክቶ ከለቀቀ ጅ ይሆናል። አየሩ በጠባቧ ቀዳዳ እየነዘረ ይወጣና እዚያው ያልቃል፤ ከኋላው ምንም አይከተልም፤ ሉዡም ሉዢም አይደለም። ደሃና ውስጥ ጥርስ ያበቀለ ሁሉ ይህን ድምፅ ይችለዋል።

ልምምድ ጀመርን። መብራቷ ጠፍታ ሳለ «ሉዥ» እላለሁ፤ ሙባረክ አውራ ጣቱን ያነሣል። መብራቷ ትበራለች። «በወንዶች የሉጅ ውድድር…» እላለሁ። ትጠፋለች። «ሉዥ።» ትበራለች። «ሉጅ።» አቶ ይርጋ በመስታወቱ ማዶ ቆመው ከንፈራቸውን እያሞጠሞጡ ያሳዩኛል፤ የሚያሳዩኝም ሉሽ ነው።

ሞቅ ያለ ውኃ አስመጡልኝ። ማር አስመጡልኝ። «የፈረንጅ አፍ አስቢ» አሉኝ። እኔ የፈረንጅ አፍ ትቼ የብርቄን አፍ አሰብኩ፤ ፍየሎቹን አስገብታ በር እየዘጋች «ዥብ መጣ» ስትል አሰብኩ። መብራቷ እስክትበራ ድረስ ይሠራል። ስትበራ ብርቄም ዥቡም ይጠፋሉ። ምላሴ ያን የመጀመሪያ ቀን የተሰጠውን ትእዛዝ አልረሳም። ይኸን ያህል ታዛዥ መሆኑ አናደደኝ።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ገምጋሚዋ ከቀትሩ ዜና በፊት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። አቶ ይርጋ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ቆይተው በመጨረሻ ሊቀበሏቸው በር ላይ ቆሙ። እኔ ስቱዲዮ ገብቼ ወረቀቴን አሰናዳሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና በእርሳስ ክብ ሠራሁ፤ በአንድ ቃል ዙሪያ ብቻ።

ሙባረክ መጣና በመስታወቱ በኩል «እትዬ ጥሩ፣ ኮረብታው ላይ ማሰራጫው መብራት ሄዶበታል» አለኝ። «እስኪመጣ ድረስ እንለማመድ። ከላይ እስከ ታች ያንብቡልኝ፤ እኔ ድምፁን ላስተካክል።»

አምፖሏን አየሁ። ጠፍታለች። ዕፎይ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ወንበሬን ጎተት አደረግሁ፤ አነበብኩ።

የከብት ክትባት በአበርገሌ ተዠመረ አልኩ። በደሃና ዥብ የአንድ አርሶ አደር ፍየሎችን ፈዠ አልኩ። በሰቆጣ ዙሪያ ትምህርት ያቋረጡ ልዦች ወደ ክፍል ተመለሱ አልኩ። ስፖርቱ ላይ ስደርስ «በወንዶች የሉዥ ውድድር» ብዬ እንደ ውኃ ፈሰስኩና፣ ማንም አይሰማኝ ብዬ «እኔን ቢለምኑኝ እግሬን አስቀድሜ አልወርድም» የሚል ጨመርኩበት። ስጨርስም «ያነበብኩላችሁ ጥሩወርቅ ነኝ፤ የደሃናዋ» አልኩ።

ሙባረክ ኸድፎኑን ቀስ ብሎ አወረደ። ፊቱ ላይ ላብ አለ።

«እትዬ ጥሩ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«አልፏል።»

«ምኑ?»

«ዜናው። በቀጥታ ነው የሄደው። ማሰራጫው መብራት አልሄደበትም ነበር።» እጁን ኪሱ ከቶ የምትበራዋን ቀይ አምፖል አወጣት፤ ጠረጴዛው ላይ በእሷ ፈንታ የተቃጠለች ገጥሟል። «እሷ ስትበራ እንደማይወጣልዎ አውቃለሁ። ሌላ ዘዴ አጣሁ።»

በኸድፎኑ ራሱን ልለው አምሮኝ ነበር። «አጠፋኸኝ እኮ፣ ሙባረክ» አልኩት። ልዡ፣ ዥቡ፣ ፈዠው፣ ቀልዴ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። ማስታወቂያ መቀበያዋን መስኮት በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት።

አቶ ይርጋና ገምጋሚዋ ዜናውን የሰሙት ግቢ ውስጥ፣ ከመኪናው ራዲዮ ነው። ተያይዘው ሲገቡ የአቶ ይርጋ ፊት አመድ መስሏል። እኔ ጫማዬን በእግሬ እየፈለግሁ ተነሣሁ። ገምጋሚዋ ሽክ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ሁላችንንም አስቀምጠው ጀመሩ።

«የውጭ ቃላት አነባበብዎ እጅግ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። «በየጣቢያው ዞሬያለሁ፤ ሉዥን እንዲህ አጥርቶ ያነበበ ሰው አላገኘሁም። ፈረንሳይኛ ተምረዋል?»

አቶ ይርጋን አየሁ። አቶ ይርጋ ወለሉን አዩ።

«ቤት ውስጥ ነው የተማርኩት» አልኩ።

«እኛም ሥልጠና ሰጥተናታል» አሉ አቶ ይርጋ፣ ቀና ብለው።

«ሰጥተውኛል» አልኩ። ሐሰት አልነበረም።

«አንድ አላስፈላጊ አስተያየት ጨምረዋል፤ ዜና ላይ አይደረግም» አሉ ገምጋሚዋ። «ሌላው የእርስዎ ጥፋት አይደለም። በአገር ውስጥ ዜናው ላይ ድምፁ ጥራት ይጎድለዋል። ‹ልጆች›፣ ‹ተጀመረ› የሚሉት ቃላት ላይ ሲደርሱ አንድ የሚነዝር ነገር ይሰማል። የመሣሪያ ብልሽት ነው። ቴክኒክ ክፍሉ ያስተካክለው።»

ሁላችንም ሙባረክን አየነው።

«አስተካክላለሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። አምፖሏ እስካሁን እጁ ውስጥ ናት።

ወንበሬ በዚህ ሁኔታ ተረፈችልኝ። ያ ድምፅ በልዥ ላይ ሲሆን ብልሽት፣ በሉዥ ላይ ሲሆን ችሎታ ተባለ። ገምጋሚዋ ምሳ በልተው ሄዱ። አቶ ይርጋ ስለ ልዡም ስለ ዥቡም ምንም አላሉኝም፤ ብቻ ሲወጡ «ነገ እንደ ወትሮው» አሉ። ሙባረክ አምፖሏን መልሶ ገጠማት። ተናድጄበት ነበር፤ ግን ሻይ ጋበዝኩት።

በማግስቱ ብርቄ ከጎረቤት ስልክ ደወለች። «ትናንት ራዲዮ ላይ አንቺ ነበርሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነበርኩ።»

«ድምፅሽን ስሰማ ከእዤ ላይ ሰፌዱ ወደቀ። ያቺ ሴትዮስ?»

«የትኛዋ?»

«ስምሽን የያዘችው።»

«ትናንት አልገባችም» አልኩ።

«እንኳን ቀረች» አለች። ቀጥላም «ያ በጀርባው የወረደው ሰውዬ፣ ተረፈ?» አለችኝ።

«ተረፈ፣ ብርቄ። ሸለሙት» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ቀዩ መብራት ሲበራ «ልጆች» እያልኩ አነበብኩ።

ብርቄ አሁንም አንዳንዴ «ሞክሼሽ ተመልሳለች» ትለኛለች። እኔ ነኝ ብዬ መከራከሩን ትቻለሁ።

ሉዥ በየአራት ዓመቱ አንዴ ይመጣል። ሰሞኑ ሲደርስ አቶ ይርጋ ጀማሪ አንባቢዎችን ወደ እኔ ይልካሉ፤ «ፈረንሳይኛውን እሷ ታሳያችኋለች» ይላሉ። እኔም ምላሳችሁ ይጠጋ እንጂ አይንካ እላለሁ። የጎጡን ስም ከዚህ ቃል በፊት አጥኑ፤ በረዶ ላይ የተኛው ሰው ስሙ ቢሳሳት መንገድ የሚስት ለቀስተኛ የለም እላለሁ። ከዚህ ሌላ የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ድምፃችሁን አርሙ ሲሏችሁ አርሙ፤ ሥራው ይኸው ነው። ያረማችሁትን የቤታችሁን ድምፅ ግን አትጣሉት።